የመምህርነት ቃለ መጠይቅ አለባችሁ? ከጠመኔው ጀምሩ

ሐምሌ ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ በየግል ትምህርት ቤቱ በር ላይ የቅጥር ማስታወቂያ ይለጠፋል። ዘንድሮ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የወጣው፣ ከወረዳ የመጣው፣ ትምህርት ቤት መቀየር የፈለገው ሁሉ ፎልደር ይዞ ይዞራል። እኔም ዞሬያለሁ። አሁን ደግሞ ከጠያቂዎቹ ጋር መቀመጥ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ብዙው ሰው የሚዘጋጀው ለጥያቄ መልስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስቀጥረው ግን ክፍል ገብቶ የሚያስተምራት አሥራ አምስት ደቂቃ ናት። ስለዚህ የዝግጅት ጊዜያችሁን አብዛኛውን ለእሷ ስጡ።

1. ማስረጃችሁን አሟሉ

ዲግሪ ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ ማስረጃ)፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር)፣ የሥራ ልምድ ካለ እሱንም። ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የመምህርነት ዲፕሎማ) የወሰደ የፒጂዲቲውን አይርሳ። ኦሪጅናሉን ያዙ፣ ሁለት ሁለት ኮፒ ጨምሩ። ሁሉንም ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት። የክረምቱ ዝናብ በባጃጅ ጎን ሲገባ ለዲግሪ አያዝንም።

2. ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ እዩት

ከቀኑ በፊት አንድ ጊዜ እስከ በሩ ሂዱ። ዘበኛውን ሰላም በሉና “ጋሼ፣ አንድ ክፍል ስንት ልጅ ይይዛል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሠላሳ ልጅ ለያዘ ክፍል የሚሠራ የቡድን ሥራ ስልሳ ልጅ ላለበት አይሆንም። የምታስተምሩበትን ክፍል የአሁኑን መማሪያ መጽሐፍ ፈልጋችሁ አንብቡ። እናንተ የተማራችሁበት መጽሐፍ ተቀይሯል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምታመለክቱ ከሆነ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዴሞውንም፣ ማለትም ጠያቂዎቹ ፊት የምታስተምሩትን የአሥራ አምስት ደቂቃ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ ተለማመዱት።

3. ዴሞውን አዘጋጁ

ርዕስ ከሰጧችሁ እሱን ያዙ። ምረጡ ካሏችሁ ጠበብ ያለ ምረጡ። “ሙቀት” የአንድ ወር ትምህርት ነው። “ውኃ ባሕር ዳር ላይ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?” ግን በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልቃል።

ይህን ርዕስ ያስተማረችን አንዲት አመልካች ነበረች። እኛ ተማሪ ሆነን ተቀምጠናል። “ማንቆርቆሪያ ጥዳችሁ ውኃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትር ብትከቱበት ስንት ያነባል?” አለችን። መቶ አልናት። “ተሳስታችኋል” አላለችም። ሰሌዳው ላይ ከታች አንድ መስመር አሰመረችና “ባሕር ወለል፣ 0” ብላ ጻፈች። ከላይ ሌላ መስመር፣ “ባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ”። ከዚያ “ከላይ የሚጫነን አየር የሚበዛው የትኛው ላይ ስንቆም ነው?” ብላ ዝም አለች። ጠበቀችን። አንዱ ባልደረባዬ “ታች” አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱ መጣ፦ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጽሐፉ 100 የሚለው ስለ ባሕር ወለል ነው። ሽሮ ከቆላ ይልቅ ደጋ ላይ ለመብሰል ለምን እንደሚቆይ የቤት ሥራ ሰጥታን ወጣች።

ልጆች የት ጋ እንደሚሳሳቱ ቀድማ አውቃለች። እናንተም ርዕሳችሁን ስትይዙ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ልጁ የሚሳሳተው የት ጋ ነው? ትምህርቱን እዚያ ላይ ገንቡት።

የእኔ የመጀመሪያ ዴሞ እንዲህ አልነበረም። ጀርባዬን ሰጥቼ ትርጓሜ ስጽፍ ደቂቃው አለቀ። አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ “ይበቃል፣ እናመሰግናለን” ተባልኩ። አልተቀጠርኩም፣ በጣምም አዘንኩ። ያን ክረምት ቤት ውስጥ በር ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ ለጎረቤት ልጆች አስተማርኩ። ጎን ዞሮ መጻፍን፣ ከኋላ የሚታይ ፊደል ማውጣትን የተማርኩት እዚያ ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ ደቂቃ ሙሉ። ስትጨርሱ ልጁን “እስኪ አንተ ንገረኝ” በሉት። መልሶ መናገር ካልቻለ ትምህርቱን ቀይሩት።

የዕለት ትምህርት ዕቅዳችሁን በአንድ ገጽ ጻፉና ለጠያቂዎቹ የሚበቃ ኮፒ ይዛችሁ ግቡ።

4. ለጥያቄዎቹ ታሪክ ያዙ

የሚረብሽ ተማሪ፣ ወደኋላ የቀረ ተማሪ፣ የተቆጣ ወላጅ፣ ተከታታይ ምዘና። እነዚህ አይቀሩም። “ተማሪ ተኮር ዘዴ እጠቀማለሁ” የሚለውን ሁሉም ሰው ይለዋል። እናንተ በፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ጊዜ ያጋጠማችሁን አንድ ልጅ አስቡ። ስሙን ሳትጠሩ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንዳልሠራ ተናገሩ። “ተማሪ የማታውቀውን ቢጠይቅህስ?” ከተባላችሁ “አጣርቼ ነገ እነግርሃለሁ እለዋለሁ” በሉ። ነገ ደግሞ በእርግጥ ንገሩት።

5. የዕለቱ ዕለት

ንጹሕ ልብስ፣ የተወለወለ ጫማ፣ የተዘጋ ስልክ። ጭቃ ካለ ጫማችሁን በር ላይ ጥረጉ። ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። የራሳችሁን ጠመኔም ያዙ።

6. ደሞዝና ውል

ደሞዝ ሲነሳ አትፈሩ። በሳምንት ስንት ፔሪየድ እንደሆነ፣ የክረምቱ ወራት ይከፈል እንደሆነ ጠይቁ። ልዩነት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ስትወጡ ወዲያው ወደ ቤት አትሂዱ። ጣና ዳር ውረዱና አንድ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የተጠየቃችሁትን ሁሉ ሳይረሳችሁ ደብተር ላይ አስፍሩት፣ የተንተባተባችሁበትን ከሥሩ አስምሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ትምህርት ቤት ግማሹን ይደግምላችኋል።