የፎቦስን ገጽታ ከፎቶግራፍ ማንበብና አመጣጡን መመርመር እንዴት ይቻላል?

ማርስን የሚዞሩ ሁለት ትናንሽ ጨረቃዎች አሉ፤ ከሁለቱ ትልቁና ለፕላኔቷ የቀረበው ፎቦስ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አሳፍ ሆል በኦገስት 1877 ካገኘው ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) መጠኑና ምህዋሩ በሚገባ ተለክተዋል፤ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም ያከራክራል። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም አንባቢ የክርክሩን ማስረጃ በገዛ ዓይኑ ሊመረምር ይችላል። ሥራው የሚጠይቀው ዋና ጥንቃቄ የፎቦስ መልክ የሚናገረውንና ምህዋሩ የሚናገረውን ሳይቀላቅሉ ለየብቻ መዝግቦ መያዝ ነው፤ ሁለቱ ምስክሮች እርስ በርስ አይስማሙምና።

1. ምስሉን ይምረጡ፣ ልኬቱንም ይጻፉ። ለጀማሪ የሚመቹት ማርስ ሪኮነሰንስ ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር ሃይራይዝ በተሰኘው ካሜራዋ በማርች 23 ቀን 2008 ያነሳቻቸው ሁለት ባለቀለም ምስሎች ናቸው፤ ናሳ በነጻ አሰራጭቷቸዋል። አንዱ ከ6,800፣ ሌላው ከ5,800 ኪሎ ሜትር ርቀት የተነሳ ሲሆን፣ በሁለተኛው ምስል አንድ ፒክሰል 5.8 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ከሦስት ፒክሰል በታች የሆነ ነገር ምንነቱ ስለማይለይ፣ ከ20 ሜትር ባነሰ ነገር ላይ ድምዳሜ አይስጡ።

2. ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይወስኑ። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ማየት ስለለመደ፣ ከታች በኩል የበራ ጉድጓድ ጉብታ መስሎ ይታያል። ምስሉን የበራው ጎን ከላይ እስኪሆን ድረስ ያዙሩት። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው ቀጥሎ የሚጽፈው ሁሉ ሊገለበጥበት ይችላል።

3. ከስቲክኒ ይጀምሩ። የፎቦስ ርዝመት 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስቲክኒ የተባለው የግጭት ጉድጓድ ደግሞ ብቻውን 9 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ስሙን ያገኘው ከሆል ባለቤት ከአንጀሊን ስቲክኒ ሲሆን፣ ባሏ ፍለጋውን ሊተው በተቃረበ ጊዜ እንዲቀጥል ያበረታታችው እርሷ ናት። በጉድጓዱ ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሊምቶክ የተባለ ሌላ ጉድጓድ አለ፤ ትንሹ በትልቁ ላይ ስላረፈ ዕድሜው ያንሳል። በየቦታው የትኛው ገጽታ የትኛውን እንደቆረጠ መጠየቅ የቅደም ተከተሉ ቁልፍ ነው። በግድግዳው ላይ ቁልቁል የሚወርዱትን ጭረቶችም ልብ ይበሉ፤ ስበቱ እጅግ ደካማ ከመሆኑ የተነሳ በምድር 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው እዚያ 40 ግራም ያህል ክብደት ብቻ ቢሰማውም፣ አቧራውና ድንጋዩ ቁልቁል ተንሸራቷል።

4. ከፍታን በጥላ ይለኩ። የጥላውን ርዝመት በፒክሰል ቆጥረው ወደ ሜትር ይለውጡና ፀሐይ ከአድማስ በላይ ባለችበት ማዕዘን ታንጀንት ያባዙት። ፀሐይዋ 30 ዲግሪ ላይ ሆና ጥላው 60 ሜትር ቢሆን፣ የነገሩ ቁመት 35 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሌቱ መሬቱ ደልዳላ፣ ካሜራውም በቀጥታ ከላይ የሚመለከት እንደሆነ አድርጎ ስለሚወስድ፣ በጠርዝ አካባቢ አይጠቀሙበት። ማርስ ግሎባል ሰርቬየር በ1998 ባነሳችው ምስል ላይ ረጅም ጥላ ጥሎ የሚታየው፣ ከ80 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ቋጥኝ ለልምምድ ጥሩ ነው። አንዳንዶች የሰው ሠራሽ ሐውልት አድርገው ቢያወሩለትም ቋጥኝ ነው።

5. ትልሞቹን በመስመር ይከተሉ። የፎቦስ ገጽ በበሬ የተተለመ ማሳ ይመስላል። ቦዮቹ በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ሜትር ስፋት አላቸው፤ ጥልቀታቸው ከ30 ሜትር አይበልጥም፤ አንዳንዶቹ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይዘልቃሉ። በምስሉ ላይ ሌላ ንብርብር ከፍተው እያንዳንዱን ቦይ በመስመር ይሳሉና መስመሮቹ ወዴት እንደሚሰበሰቡ ይመልከቱ። በ1970ዎቹ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ባነሷቸው ምስሎች የሠሩ ተመራማሪዎች ቦዮቹ ከስቲክኒ እንደሚፈልቁና ያ ታላቅ ግጭት የሰነጠቃቸው እንደሆኑ አስበው ነበር። ማርስ ኤክስፕረስ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ያነሳቻቸው ምስሎች ሲታዩ ግን ቦዮቹ ይበልጥ የሚያተኩሩት ፎቦስ በምህዋሩ ሲጓዝ ፊት ለፊት በሚቀድመው ጫፍ ላይ ሆነ። ሌሎች ማብራሪያዎችም ተሰንዝረዋል፦ ማርስ ላይ በደረሱ ግጭቶች የተፈናጠሩ ፍርስራሾች ጨረቃውን መትተውታል፤ ከስቲክኒ የወጡ ቋጥኞች እየተንከባለሉ ፈለግ ትተዋል፤ የማርስ ስበት ጨረቃውን እየጎተተ ይሰነጥቀዋል። ሦስተኛው ሐሳብ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ፎቦስ በየ100 ዓመቱ 1.8 ሜትር ያህል ወደ ማርስ እየቀረበ ስለሆነ ከ30 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወይ ይፈራርሳል ወይ ይከሰከሳል። በእኔ ግምት ሁሉም ቦዮች አንድ ምክንያት አላቸው ብሎ መነሳቱ ራሱ ስሕተት ነው፤ በሠሩት ካርታ ላይ የሚቋረጡትን ቦዮች በቡድን ቢለዩ የዕድሜ ልዩነታቸው ይገለጣል።

6. ቀለሙን በጥርጣሬ ይመልከቱ። በምስሉ ላይ በስቲክኒ ከንፈር አካባቢ ሰማያዊ፣ በቀረው ገጽ ቀላ ያለ ቀለም ይታያል፤ ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተጋነነ ነው። በዓይን ቢታይ ፎቦስ ከሚያርፍበት ብርሃን 7 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚመልስ ጥቁር አካል ነው።

7. ሁለቱን ምስክሮች ያፋጥጡ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በመጀመሪያው መልኩን ይጻፉ፦ ጥቁረቱና የሚመልሰው ብርሃን ከማርስ ርቀው ከሚገኙ ጥንታዊ አስትሮይዶች (ፀሐይን ከሚዞሩ ትናንሽ ዓለታማ አካላት) ጋር ያመሳስሉታል፤ ስለዚህ ማርስ በስበቷ የያዘችው እንግዳ ነው ያሰኛሉ። በሁለተኛው ምህዋሩን ይጻፉ፦ ክብ ለማለት ይቻላል፤ ከማርስ ምድር ወገብም የሚያዘነብለው 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ተይዞ የመጣ አካል ሞላላና ያዘነበለ ምህዋር ይኖረዋል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ ይህ ፎቦስ እዚያው ማርስ ዙሪያ፣ ምናልባትም ከታላቅ ግጭት ፍርስራሽ ተሰባስቦ መፈጠሩን ይደግፋል። እፍግታው፣ ማለትም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.87 ግራም ያህል መሆኑ፣ ውስጡ ባዶ ቦታ ወይም በረዶ እንዳለ ቢጠቁምም ለየትኛውም ወገን አያዳላም።

እኔ ለምህዋሩ የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ። የፀሐይ ነፋስና ጥቃቅን የጠፈር ድንጋዮች የላይኛውን አቧራ ቀለም በጊዜ ብዛት ይለውጡታል፤ ምህዋርን ግን ይህን ያህል ማስተካከል ለእንዲህ ያለ ትንሽ አካል ቀላል አይደለም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሆፕ መንኮራኩር በ2023 በሁለተኛው ጨረቃ በዴሞስ አጠገብ አልፋ የላከችው መረጃም፣ ተመራማሪዎቿ እንደገለጹት፣ ከአስትሮይድ ይልቅ ወደ ማርስ ዓይነት ቅንብር ያደላል።

ጃፓን በኤምኤምኤክስ ተልእኮ ቢያንስ 10 ግራም የፎቦስ አፈር በ2031 ወደ ምድር ለማምጣት አቅዳለች። አፈሩ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመው የኦክስጅን አይሶቶፖቹን (በአቶም ክብደት የሚለያዩ የኦክስጅን ዓይነቶችን) ምጣኔ ይፈልጉ፦ ከማርስ በመጡ ሜትዮራይቶች (ከጠፈር ምድር ላይ በወደቁ ድንጋዮች) ውስጥ ካለው ጋር ከተስማማ ሁለተኛው ዓምድ ያሸንፋል፤ በካርቦን ከበለጸጉ ጥንታዊ ሜትዮራይቶች ጋር ከገጠመ ደግሞ የመጀመሪያው።