ፀሐይ በነካው ቁጥር ፊት ላይ የሚመላለስ ሽፍታ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ፀሐይ ላይ በዋሉ ቁጥር ፊትዎ ላይ ሽፍታ የሚመላለስብዎ ከሆነ፣ ቅባት ለመግዛት ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ፦ ሽፍታው ፀሐይ ከነካዎ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደወጣ፣ ስንት ቀን እንደቆየና ዳርቻው የት ላይ እንደሚያበቃ። በመድኃኒት መደብር ስሠራ እንደታዘብኩት፣ አብዛኛው ሰው አጥብቆ የሚነግረኝ ማሳከኩን ነው፤ ማሳከክ ግን የብዙ ሽፍታዎች የጋራ ጠባይ በመሆኑ መንስኤውን ለይቶ አያሳይም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ ስለማይታይና ቦታው ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ ሊመስል ስለሚችል፣ በእጅ ጀርባ ዳስሶ ሙቀቱን ከሌላው የፊት ክፍል ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሽፍታው በወጣበት ዕለት ፎቶ ያንሱት፤ የሐኪም ቀጠሮ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሽፍታው ከከሰመ በኋላ ነውና።

በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ በዕለቱ የሚጠፋ ከሆነ

ሳማ እንደነካው ቆዳ አብጦ የሚያሳክክና ጥላ ውስጥ ሲገቡ በሰዓታት ውስጥ ዱካው የሚጠፋ ሽፍታ፣ ቆዳው ለብርሃን የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ሊሆን ይችላል። እንደ ሴትሪዚን ያለ የአለርጂ ክኒን ብዙውን ጊዜ ያስታግሰዋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ የሚወጣ ከሆነ

ጥቃቅን እብጠቶች በአንገት፣ በክንድና አንዳንዴም በፊት ላይ ወጥተው፣ ለቀናት ቆይተው ጠባሳ ሳይተዉ የሚጠፉ ከሆነ፣ ፀሐይ ያልለመደ ቆዳ ድንገት ብዙ ብርሃን ሲያገኝ የሚፈጠረው ሽፍታ ሊሆን ይችላል። በስዊድን ወይም በሚኒሶታ ብርድ ውስጥ ቆይቶ ለጥምቀት አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ለዚህ የተመቻቸ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ ያዘናጋል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም። በመጀመሪያው ሳምንት ፀሐዩን በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ ይበጃል።

ፀሐዩ ያገኘውን ጎን ብቻ የሚያጠቃ ከሆነ

አንድ የታክሲ ሹፌር ግራ ጉንጩና ግራ ክንዱ ጠቁሮ እየተላጠ፣ የፈንገስ ቅባት ሊገዛ መጣ። ቀኝ ጉንጩ ግን ንጹሕ ነበር፤ ከአገጩ ሥር ጥላ የሚያርፍበት ቦታም እንዲሁ። የአገራችን ሹፌር በግራ በኩል ስለሚቀመጥ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ የሚያርፈው በዚያ ጎን ላይ ነው፤ መስታወቱ ቢዘጋም ዩቪኤ የተባለውን ጨረር ያሳልፋል። ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ስጠይቀው፣ ከጥቂት ወራት በፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የደም ግፊት ክኒን መጀመሩን ነገረኝ። ይህ ክኒን፣ እንደ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ኮትሪሞክሳዞል ሁሉ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቆዳ ፀሐይን እንዳይችል ያደርጋል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ከሽፍታው የባሰ አደጋ ስላለው ወደ ሐኪሙ መለስኩት፤ ሐኪሙም በሌላ ቀየረለት። ፊታቸውን በሎሚ ወይም በጤና አዳም አሽተው ፀሐይ ላይ የሚወጡ ሰዎችም ተመሳሳይ ጣጣ ይገጥማቸዋል፤ ቆዳው ተቃጥሎ ይቋጥርና ጥቁር ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ጉንጭና አፍንጫ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋ ከሆነ

እዚህ ላይ መስታወት ፊት ቆመው ከአፍንጫ ክንፍ እስከ ከንፈር ጥግ የሚወርደውን እጥፋት ይመልከቱ። ሽፍታው እጥፋቱን ሳይነካ ከተወው፣ ለሳምንታት ከቆየና ከእርሱ ጋር የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ቁስል፣ የፀጉር መርገፍ ወይም አረፋ የሚበዛበት ሽንት ካለ፣ በተለይም በወሊድ ዕድሜ ላይ ባለች ሴት፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ) መሆን አለመሆኑ በደምና በሽንት ምርመራ ይጣራ። ይህ ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል በሽታ ስለሆነ በቅባት ጊዜ አይገደልበትም። ትኩስ ቡና፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና አልኮል ጭምር ፊትን የሚያነድዱትና ብጉር መሰል ነገር የሚያወጡ ከሆነ ግን ሮዜሺያ የተባለው ሕመም ይጠረጠራል።

ቅባቱ ራሱ ችግር ከሆነ

እኔ በብዛት የማየው ይህንን ነው። ጎረቤት «አንዴ ተቀቢው፣ ይጠፋል» ብላ የሰጠችው ቅባት ሽፍታውን በሁለት ቀን ያጠፋዋል፤ ስለዚህም ይታመናል። ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ትንሽ ፀሐይም ያቃጥላል። ቅባቱ ሲቆም ፊቱ ከበፊቱ ብሶ ይነዳል፤ ተቀቢውም «ፀሐይ ነው» ብሎ ወደዚያው ቅባት ይመለሳል። ቱቦውን ገልብጠው ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል ወይም ሞሜታዞን የሚል ካገኙ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን ቶሎ የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት ነው። ቆዳ የሚያቀሉ አንዳንድ ክሬሞችም ሳይጽፉት ይጨምሩታል። ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት እንዴት እንደሚያቆሙት ሐኪም ይምራዎት፤ ለሳምንታት መባሱ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ብቻ ይበቃል።

ከንፈር ዳር ውኃ ቋጥሮ የሚመላለሰውና ምች የምንለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ የሚቀሰቅሰው የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ ሐኪም የሚያዘው አሲክሎቪር የሚጠቅመው ገና መቆጥቆጥ ሲጀምር ከተወሰደ ነው።

መንስኤው እስኪለይ ድረስ

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ይምረጡ። ስስ ነጠላ መከናነብ ብዙ አይከላከልም፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን ሲያነሱት ወዲያ ማዶ ከታየ ጨረሩም ያልፋል፤ ጥቁር ጃንጥላና ዙሪያው ሰፊ ባርኔጣ ይሻላሉ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከገዙ በቱቦው ላይ SPF ተብሎ የሚጻፈው የመከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዩቪኤንም የሚከላከል ይሁን፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣቶች ርዝመት ልክ ጨምቀው ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ በፊት ይቀቡት፣ ውጭ ከዋሉም በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። በጣት ጫፍ ቆንጥሮ መቀባት፣ ክሬሙ ውድ በመሆኑ የሚያስገርም ባይሆንም፣ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ጥበቃ አይሰጥም።