ግሉተን ካቆሙ በኋላ ሆድ አልድን ሲል ምን ይደረጋል?

ሲሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) አለብዎ ተብለው ስንዴና ገብስ ከተዉ ወራት አልፎም ሆድዎ የሚነፋና የሚያስቀምጥዎ ከሆነ፣ ሌላ በሽታ ከመጠርጠርዎ በፊት ጓዳዎን ይፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ ግሉተን ከአንድ ቦታ ሾልኮ እየገባ ነው።

በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጠላ፣ ቢራ፣ የረመዳን ሳምቡሳና የገብስ ሾርባ እንደማይበሉና እንደማይጠጡ ግልጽ ነው። የገበያ አጃም ከገብስና ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል ይቅርብዎ። ተጋግሮ የሚሸጥ እንጀራም እንዲሁ፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

ከባዱ ነገር ጤፉ ነው፤ ራሱ ግሉተን ባይኖረውም ሌላ እህል ይቀላቀልበታል። ከደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ ከኮምቦልቻ ሲገዙ ዱቄት ሳይሆን ፍሬውን ይግዙ። አውድማ ላይ የተቀላቀለ ገብስና ስንዴ አይጠፋውምና ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይንፉት። ጤፉ ያልፋል፣ ገብሱ ከላይ ይቀራል፤ ስባሪው ግን አብሮ ሊያልፍ ስለሚችል ከላይ የቀረው ብዙ ከሆነ ያንን ጤፍ ለሌላ ሰው ይተዉት።

ቀጥሎ ወፍጮ ቤት። ሲሊያክ ያለበት ሰው በቀን ከ10 ሚሊግራም ግሉተን እንዳያልፍ ይመከራል፤ ይህ በስንዴ ዱቄት ሲሰላ አንድ ቁንጣሪ እንኳ አይሞላም። ከእርስዎ በፊት የተፈጨው ስንዴ ድንጋዩ መሃልና ዱቄቱ በሚወርድበት ጨርቅ ላይ ስለሚቀር፣ ጠዋት ቀድሞ መድረስ ብቻውን አያድንም፤ የማታው እዚያው አድሯል። ጨርቁ ሲራገፍ፣ ድንጋዩም ሲጠረግ ቆመው ይዩ። ከዚያ አምስት ኪሎ ያህል ማሽላ አስቀድመው ያስፈጩ፤ ዱቄቱ ለዶሮ ይሁን። ከራስዎ ጤፍም መጀመሪያ የወረደውን ኪሎ ለይተው ስንዴ ለሚበላ ቤተሰብ ይስጡ። ይህ ሁሉ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ካገኙ ራቅ ቢልም ይሂዱበት። ሽሮና በርበሬም ያው ወፍጮ ስለሚገቡ አይርሷቸው።

እርሾ ከጎረቤት አይዋሱ፤ ገብስ የተቀላቀለበት ቡኮ እርሾ ሊሆን ይችላል። አምባሻ የተጋገረበት ምጣድ፣ ማሰሻውና በተለይ ሰፌዱ ለየብቻ ይሁኑ። ሰፌድ ቢታጠብም በስፌቱ መሃል የገባው ዱቄት አይወጣም።

ጓዳው ጠርቶም ካልተሻለዎ ወተት ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያቁሙ። የተጎዳ አንጀት የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም በደንብ አያመነጭም፤ አንጀቱ ሲያገግም ይመለሳል። እርጎና አይብ ብዙ ሰው ይችላቸዋል። ሽሮ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ያለ ግሉተንም ሆድ ይነፋሉ፤ ለጥቂት ቀን ቀንሰው ይዩ። የሆድ ድርቀት ከሆነ የሚያስቸግርዎ፣ የሚወስዱት የደም ማነስ እንክብል ብረት እንዳለው ይጠይቁ፤ ብረት ሆድ ሊያደርቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሰገራ ለጃርዲያ ይመርመር፤ ምልክቱ ከሲሊያክ ጋር ይመሳሰላል። ሳይመረመሩ የጃርዲያ መድኃኒት ከፋርማሲ መግዛት ግን ነገሩን ማድበስበስ ነው። ሲሊያክን የሚለየው የቲቲጂ የደም ምርመራ ውጤት ቀስ እያለ በወራት ስለሚወርድ ከበፊቱ ውጤት ጋር ይነጻጸር። መጀመሪያውኑ ሳይመረመሩ በራስዎ ግሉተን ያቆሙ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ምርመራው በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል። ክብደት ከቀነሱ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለዎ ወይም ተቅማጥ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎ ወንፊቱንም ወተቱንም ሳይሞክሩ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ።