አዲሮንዳክ ሄዳችሁ የድሮዎቹን የሐይቅ ዳር ካምፖች ለማየትና ጀልባ ለመቅዘፍ ካሰባችሁ

ኒውዮርክ ሲባል ማንሃተን ብቻ ትዝ ለሚላችሁ፣ ከከተማው ወደ ሰሜን አምስት ሰዓት ገደማ ስትነዱ አዲሮንዳክ የሚባል 6 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን ተራራ፣ ደንና ሐይቅ አለ፣ ከ1892 ጀምሮ ፓርክ ነው፣ መግቢያም አይከፈልበትም። በ19ኛው ክፍለዘመን መጨረሻ ላይ የዛን ጊዜ ባለፀጎች "ካምፕ" እያሉ ሐይቅ ዳር ትልልቅ የእንጨት ቤቶች አሰሩበት። የዚህን አሰራር መንገድ የከፈተው ዊሊያም ዌስት ዱራንት የሚባል ሰው ነው፣ ራኬት ሌክ የሚባለው ሐይቅ ላይ ፓይን ኖት የተባለውን ካምፕ ሰራ፣ ግንዱ ቅርፊቱ ሳይላጥ ግድግዳ ይሆናል፣ የተጣመመው ቅርንጫፍ እንደተጣመመ የበረንዳ መደገፊያ ይሆናል። ብዙ ሰው በመኪና ዞር ዞር ብሎ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፣ እኔ ግን በእግርም ይሁን በመቅዘፊያ በጉልበታችሁ ድረሱበት ነው የምለው፣ ቤቶቹ ፊታቸውን የሰጡት ለውሃው ስለሆነ ከሐይቁ ሲታዩ ሌላ ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሳንታኖኒ የሚባለውን ካምፕ ምረጡ። ኒውኮም የምትባል ትንሽ ከተማ ጋ መኪናችሁን አቁማችሁ 4.7 ማይል በእግር ወይ በሳይክል ትገባላችሁ (መመለሻውንም ቁጠሩ፣ ልጆች ካሉ ይህ ቀልድ አይደለም) መንገዱ ግን የድሮ የሰረገላ መንገድ ስለሆነ ደልዳላ ነው። ያሰራው ሮበርት ፕሩይን በልጅነቱ አባቱ ጃፓን የአሜሪካ ተወካይ ስለነበሩ እዛ ኖሯል፣ ለዛ ነው እንደ ጃፓን አሰራር ብዙ ክፍሎችን አንድ ትልቅ ጣሪያ ስር የሰበሰበው ይባላል። ዋናው ቤት ብቻ ስፕሩስ ከሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ 1,500 የሚያህል ግንድ ፈጅቷል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላችሁ ኒውኮም ሌክን እያያችሁ ምሳችሁን ብሉ።

ሁለተኛው ሳጋሞር ነው፣ ዱራንት በ1897 ሰርቶት በ1901 ለባለፀጋው አልፍሬድ ቫንደርቢልት ሸጠው። እዛ ስትሄዱ ዋናውን ቤት ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ አንጥረኛው፣ አናፂው፣ ሰራተኛው ሁሉ የነበሩበትን ግቢ እዩ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የመንግስት ደን "ለዘላለም ዱር ይሁን" የሚል ሕግ ከ1894 ጀምሮ የኒውዮርክ ሕገመንግስት ውስጥ ስላለ እነዚህ የሰራተኛ ቤቶች መንግስት መሬት ላይ ቀርተው፣ ዱር ላይ ቤት አይፈቀድም ተብሎ ሊጠፉ ነበር፣ በ1983 ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ሕገመንግስቱ ተሻሽሎ ነው በመሬት ልውውጥ የተረፉት። ጉብኝቱ የሚከፈትበትን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጀልባውን በተመለከተ፣ የአካባቢው ጀልባ ጋይድቦት ይባላል፣ ብሉ ማውንቴን ሌክ ያለው ሙዚየም ውስጥ አሉ፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እንደ ጎድን አጥንት የሚይዙት የውስጥ እንጨቶቹ ከስፕሩስ ዛፍ ስራስር የተጠረቡ ናቸው፣ አንድ ሰው ትከሻው ላይ ቀንበር አድርጎ ከሐይቅ ሐይቅ ተሸክሞት እንዲሻገር ቀላል ተደርጎ የተሰራ። የመቅዘፍ እድል ካገኛችሁ የሁለቱ መቅዘፊያዎች እጀታ መሃል ላይ ይደራረባልና አንዱን እጅ ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ አለዛ ጣታችሁን ነው የምትቀጠቅጡት።

ለጀማሪ ግን ካኑ ወይ ካያክ የሚባሉትን ቀጫጭን የመቅዘፊያ ጀልባዎች ተከራዩ። ራኬት ሌክ ሰፊ ነው፣ ሞተር ጀልባም ይበዛበታል፣ ንፋስ ሲነሳ ያስቸግራል። ሴንት ሬጂስ የሚባለው የካኑ ክልል ሞተር የተከለከለበት ስለሆነ ፀጥ ያለ ነው፣ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ጀልባውን ተሸክማችሁ ነው የምታልፉት፣ ስለዚህ ቀላል ጀልባ መከራየት ዋጋው ቢጨምርም ያዋጣል። በጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ንፋስ ይነሳል። መሃል ለመሃል ከማቋረጥ ዳር ዳሩን ሂዱ፣ ማዕበል ከመጣ ካኑ ውስጥ ተንበርከኩና የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ትንሽ አግድም አድርጋችሁ ቅዘፉ፣ ጎናችሁን አትስጡት፣ አትቁሙም። ልምድ ያለው ኋላ ይቀመጥ፣ የሚመራው እሱ ነው።

ላይፍ ጃኬት የግድ ነው!! ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁልጊዜ መልበስ አለበት፣ ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 ደግሞ ከ21 ጫማ በታች ጀልባ ላይ አዋቂውም በሕግ ይገደዳል። ፀደይ ላይ አየሩ ሞቆ ውሃው ግን ገና እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ዋና የሚችል ሰው እንኳን ሰውነቱ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ስለዚህ እዋኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

መቼ እንሂድ ላላችሁ፣ ሜይ መጨረሻና ጁን ጥቁር ዝንብ የሚባለው ተናካሽ ስላለ ይቅርባችሁ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ እስከ መስቀል ሰሞንና ትንሽ አለፍ ብሎ ዝንቡም ሰዉም ቀንሶ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ይሆናል፣ እኔ ሁሌም የምመርጠው እሱን ነው፣ ማታ ግን ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ያዙ።

ማደሪያ ከፈለጋችሁ ፖል ስሚዝስ የምትባል መንደር አጠገብ ያለው ዋይት ፓይን ካምፕ ካቢን ያከራያል፣ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በ1926 ሰመሩን ያሳለፉበት ነው። ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ምልክት ከተደረገበት ቦታ ውጪ ከውሃና ከመንገድ ቢያንስ 150 ጫማ ራቁ። ድብ አለ፣ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፣ ድብ የማይከፍተው ጣሳ ተከራዩ። ለጀልባ ላይ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚያክል የለም፣ እንዳይረጥብ ብቻ ጥብቅ አድርጋችሁ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ኔትዎርክ ብዙ ቦታ ስለማይሰራ ካርታውን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፣ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ንገሩ፣ መግቢያው ላይ መዝገብ ካለም ስማችሁን ፃፉ።

የራሳችሁን ጀልባ የምትወስዱ ደግሞ ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላ ከመግባታችሁ በፊት እጠቡት፣ ውሃውን አፍስሱ፣ አድርቁት፣ የተጣበቀ አረም ሌላ ሐይቅ ገብቶ ከበቀለ ማጥፋት በጣም ከባድ ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል። ማገዶም ከቤት አትጫኑ፣ እዛው ግዙ።