ላደር ላይ የማያሳፍር የፖኬሞን ቲም እንዴት ይሰራል

ጅማ ውስጥ ጌም ሲባል መጀመሪያ ሚታሰበው ፕሌስቴሽን ቤት ነው፣ ፈረንጅ አራዳም ሂድ ቆጪም ሂድ ወረፋው ያለው ኳሱ ላይ ነው። ግን ስልኩ ላይ ፖኬሞን (ፖኬሞን ሚባሉ ፍጡሮችን ሰብስበህ ምታጋጥምበት ጌም) ሚጫወት ልጅ ከሚታሰበው በላይ አለ፣ በተለይ ካምፓስ ዶርም አካባቢ፣ እና አብዛኛው ጋር ማየው ችግር አንድ አይነት ነው፤ የጌሙን ታሪክ ጨርሶ፣ ሻምፒዮኑን አሸንፎ፣ ደረቱን ነፍቶ ኦንላይን ላደር ላይ (ከሰው ጋር ገጥመህ ደረጃ ምታገኝበት) ሰው ሲገጥም በአምስት ደቂቃ ተጠራርጎ ይወጣል፣ ለምን እንደተሸነፈ እንኳን ሳይገባው። ታሪኩ ላይ ሌቭል ካሳደግክ በቃ ታልፋለህ። ሰው ጋር ግን ሁለታችሁም እኩል ሌቭል ላይ ናችሁ፣ ስለዚ ሚለየው የቲሙ አሰራር ነው።

የት ነው ምትጫወተው

ለዚ ኒንቴንዶ ስዊች አያስፈልግህም፣ ሄርማታ መርካቶን ዞረህ ብትፈልገውም ምታገኘው አይመስለኝም። ፖኬሞን ሾውዳውን ሚባል ነፃ ሲሙሌተር አለ፣ ስልክህ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ፖኬሞን መያዝ ማሳደግ ምናምን ሚባል ጣጣ የለም፣ ምትፈልገውን ከነሙቩ ከነአይተሙ ራስህ መርጠህ ታስገባለህ በቃ። ውጊያው ጽሁፍና ትናንሽ ምስል ስለሆነ ዳታም እንደ ቪዲዮ አይበላም።

ገብተህ ስም አውጣ፣ ከዛ ቲምቢልደር ሚለውን ክፈትና ፎርማት ምረጥ። ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉ፦ አንዱ ኦፊሺያል ውድድሮቹ ሚካሄዱበት ቪጂሲ ነው፣ ሁለት ለሁለት ሚገጠምበት፣ 6 ይዘህ ቀርበህ 4ቱን ብቻ ምታስገባበት። ሌላው አንድ ለአንድ ሚገጠመው ሲንግልስ ነው፣ ስድስቱም ይገባሉ፣ ከነሱ ውስጥ ብዙ ሰው ሚጫወተው ኦዩ ሚባለውን ነው። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ ምክንያቱም አይንህ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ለምን እንደተሸነፍክ ቶሎ ይገባሀል። ኦዩ ውስጥ ማን እንደሚፈቀድና ማን እንደታገደ በየጊዜው ይቀያየራል፣ ቲምህን ስትጨርስ ቫሊዴት ሚለውን ስትነካው ያልተፈቀደ ካለ ራሱ ይነግርሀል።

ህጉ አጭር ነው፦ 6 ፖኬሞን፣ አንድ አይነት ሁለቴ የለም፣ እያንዳንዱ 4 ሙቭ (በየተራው መርጠህ ምታዘው እርምጃ)፣ 1 አይተም (ሚይዘው እቃ)፣ 1 አቢሊቲ (ሳታዘው ራሱ ሚሰራ ችሎታ)።

አንዱን ምረጥና ለሱ ስራ

ብዙ ሰው ሚያደርገው ምንድነው፣ ስድስት ሀይለኛ ፖኬሞን ይሰበስባል። ይሄ 11ዱንም አጥቂ አድርጎ አባ ጅፋርን ሜዳ ማስገባት ነው፣ በ2010 ዋንጫ የበላውም ቡድን ቢሆን እንደዛ ገብቶ አያሸንፍም። ቲምህ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፖኬሞን "አንተ እዚ ምን ትሰራለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል፣ "ሀይለኛ ስለሆነ" ሚለው ደግሞ መልስ አይደለም።

ስለዚ መጀመሪያ ጨዋታውን ይጨርስልኛል ምትለውን አንድ ፖኬሞን ምረጥ። ለምሳሌ ድራጎናይትን እንውሰድ። ታይፑ (የፖኬሞኑም የሙቩም አይነት፣ ማን ማንን በምን ያህል እንደሚጎዳ ሚወስነው) ድራጎንና በራሪ ነው። ድራጎን ዳንስ ሚባለውን ሙቭ አንዴ ካደረገ አታኩም ስፒዱም ያድጋል፣ መልቲስኬል ሚባለው አቢሊቲው ደግሞ ኤችፒው (የህይወት ነጥቡ) ሙሉ ከሆነ ሚደርስበትን ጉዳት በግማሽ ይቀንስለታል፣ በዛ ላይ ኤክስትሪም ስፒድ አለው፣ ፈጣን ነኝ ያለን ሁሉ ቀድሞ ሚመታ ሙቭ። 2022 ላይ የወጡት የፖኬሞን ጌሞች ስካርሌትና ቫዮሌት ባመጡት ቴራ (ጨዋታ መሃል ታይፕ መቀየሪያ) ወደ ኖርማል ከቀየርከው ደሞ የኤክስትሪም ስፒዱ ሀይል ከ80 ወደ 120 ይወጣል፣ ምክንያቱም ከራስ ታይፕ ጋር አንድ የሆነ ሙቭ 1.5 እጥፍ ይመታል። ቴራ በአንድ ጨዋታ አንዴ ብቻ ስለሆነ ግን ለማን እንደምታስቀምጠው ከአሁኑ ወስን።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ እሱን ማነው ሚገለው?

በረዶ አራት እጥፍ ይጎዳዋል። ድንጋይ፣ ድራጎንና ፌሪ ሁለት እጥፍ። ከሁሉ ሚብሰው ግን ስቴልዝ ሮክ ነው። ይሄ ሙቭ ሜዳህ ላይ ድንጋይ ይዘራል፣ ፖኬሞንህ በገባ ቁጥር እንደታይፑ ይጎዳዋል፣ ተራውን 12.5 ፐርሰንት፣ ድራጎናይትን 25 ፐርሰንት፣ ቻሪዛርድን 50 ፐርሰንት (አዎ፣ ገና ሲገባ ግማሽ ኤችፒው የለም፣ ቻሪዛርዱን ሚወድ አንድ የሰፈር ልጅ ይሄን ስነግረው ለሁለት ቀን አኩርፎኛል)። ለድራጎናይት ግን ጣጣው 25ቱ ብቻ አይደለም፣ ኤችፒው ሙሉ ስላልሆነ መልቲስኬሉም አብሮ ይሄዳል፣ ማለትም የመረጥክበት ምክንያት በሙሉ ጠፋ። መፍትሄው ሄቪ ዱቲ ቡትስ ሚባለውን አይተም ማልበስ ነው፣ ሜዳ ላይ የተዘራው ነገር አይነካውም። ኖክ ኦፍ በሚባል ሙቭ ቡትሱን ካስወለቁት ግን ያው እንደበፊቱ ነህ።

ስለዚ ጓደኛ ያስፈልገዋል። በረዶን፣ ድንጋይን፣ ድራጎንንና ፌሪን ሁሉንም ሚቋቋም ታይፕ ፈልግ ስትባል መልሱ ብረት ነው። እዚ ጋ ጎልደንጎን አስገባሁ፣ ብረትና ጎስት ነው። ጎልደንጎ በተራው ምኑ ነው ደካማው? እሳት፣ መሬት፣ ጎስት፣ ዳርክ። እሳትን ድራጎናይት ይቋቋማል፣ መሬት ደግሞ በራሪ ስለሆነ ጭራሽ አይነካውም። ማለትም አንዱ ሲጨነቅ ሌላው ገብቶ ይቀበልለታል፣ ይሄ ነው ኮር ሚባለው።

ጎስትና ዳርክ ቀሩ። ሶስተኛ ግሬት ተስክን አመጣሁ፣ መሬትና ፋይቲንግ፣ ዳርክን ይቋቋማል፣ ድንጋይ ደሞ ሩብ ብቻ ነው ሚጎዳው፣ ከሁሉ በላይ ራፒድ ስፒን አለው፣ የተዘራብህን ድንጋይ ይጠርጋል ያውም ስፒዱ እየጨመረ። ድክመቶቹ ብዙ ናቸው፦ ውሃ፣ ሳር፣ በረዶ፣ በራሪ፣ ሳይኪክ፣ ፌሪ። አሁን ወደላይ ተመለስና አስተያየው፣ ውሃንና ሳርን ድራጎናይት፣ በረዶን በራሪን ሳይኪክንና ፌሪን ጎልደንጎ። ጎስት ብቻ ነው ክፍት የቀረው። እንደዚ ሶስት ከተያያዘልህ ከባዱ ስራ አልቋል።

እግረ መንገድ፣ ተቃራኒህም ጎልደንጎ ሊይዝ ይችላል፣ ያኔ ራፒድ ስፒንህ ጎስት ላይ ስለማይሰራ ድንጋዩን መጥረግ አትችልም። ግሬት ተስክ ግን መሬት ሙቩ ጎልደንጎን ሁለት እጥፍ ይመታዋል፣ ስለዚ መጀመሪያ እንደሚገባ ገምተህ በሄድሎንግ ረሽ ምታው፣ ከዛ በኋላ ትጠርጋለህ።

ቀሪዎቹ ሶስት

ለጎስት ክፍተቱ ኪንጋምቢት፣ ዳርክና ብረት ስለሆነ ጎስትን ይቋቋማል። ሳከር ፓንች አለው፣ ቀድሞ ይመታል ግን ተቃራኒህ ሊመታህ ካልሆነ ይከሽፋል፣ የነርቭ ጨዋታ ነው። ጓደኞቹ በወደቁ ቁጥር ሀይሉ ስለሚጨምር መጨረሻ ላይ ነው ሚገባው፣ ገና መጀመሪያ ላይ ሚያባክነው ሰው ያናድደኛል። ፋይቲንግ አራት እጥፍ ይጎዳዋል፣ ግን ጎልደንጎን ፋይቲንግ አይነካውም።

አምስተኛ ሮቶም ዋሽ። ኤሌክትሪክና ውሃ፣ ሌቪቴት ስላለው መሬት አያገኘውም፣ ድክመቱ ሳር ብቻ ነው። ቮልት ስዊች መትቶ ወዲያው ይወጣና ሌላውን ያስገባልሀል፣ ቲሙ ሚንቀሳቀሰው በሱ ነው።

ስድስተኛውን ቦታ ክፍት ተወው። ላደር ላይ ስትጫወት በተደጋጋሚ ሚያስቸግርህን አይተህ ነው ምትሞላው። ጥሩ መነሻ ዶንዶዞ ወይ ክሌፈብል ነው፣ ሁለቱም አንአዌር ሚባል አቢሊቲ ስላላቸው ተቃራኒህ አታኩን ስንቴ ቢያሳድግ ለነሱ ምንም ማለት አይደለም።

ስቴልዝ ሮክ አንተም መዝራት አለብህ፣ እሱን ግሬት ተስክ ላይ ጫነው።

ስፒድ ላይ ሂሳብ ስራ

እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚሰለቸው ግን ጨዋታ ሚሸነፈው በአንድ ነጥብ ስፒድ ነው። እያንዳንዱ ፖኬሞን 510 ኢቪ (አታክ፣ ስፒድ ምናምን ላይ አንተ ምታከፋፍለው ማሳደጊያ ነጥብ) አለው፣ አንድ ቦታ ላይ ከ252 በላይ አይገባም፣ ሌቭል 100 ላይ 4 ኢቪ 1 ነጥብ ይሆናል። ከዛ ኔቸር አለ፣ አንዱን በ10 ፐርሰንት ጨምሮ ሌላውን በ10 ፐርሰንት ይቀንሳል።

ጎልደንጎን እንይ። ቤዝ ስፒዱ (የዝርያው መነሻ ስፒድ) 84 ነው። ሁለት እጥፉ 168፣ አይቪ (አብሮት ሚወለድ ነጥብ) 31፣ ከ252 ኢቪ 63፣ እና ለሁሉም ሚጨመረው 5 ሲደመር 267 ይሆናል። ቾይስ ስካርፍ ሚባለውን አይተም ካለበስከው በ1.5 ይባዛል፣ 400። ጥሩ ነው ብለህ ትተወዋለህ አይደል? ድራጋፑልት ግን ቤዙ 142 ነው፣ ስፒዱን ሙሉ ያሳደገ ድራጋፑልት 421 ይሄዳል፣ ስካርፍህን እንደለበስክ ቀድሞህ በጎስት ሙቭ ይጥልሀል። አሁን የጎልደንጎን ኔቸር ቲሚድ አድርገው፣ 267 ወደ 293 ያድጋል፣ በስካርፍ 439። አሁን አንተ ነህ ቀድመህ ምትመታው፣ ምታጣው ደግሞ አታክ ብቻ ነው፣ ጎልደንጎ በስፔሻል አታክ ስለሚመታ ለሱ አታክ ጥቅም የለውም። አንዲት ኔቸር ናት ልዩነቱ።

ስካርፍ ግን አንዴ የመረጥከው ሙቭ ላይ ያስርሀል፣ እስክትወጣ ድረስ እሱን ብቻ ነው ምትመታው። ሜክ ኢት ሬይን (የጎልደንጎ ብረት ሙቭ) ላይ ታስረህ እሳት ፖኬሞን ከገባብህ መውጣት ነው። እና ሜክ ኢት ሬይን በተመታ ቁጥር የራስህን ስፔሻል አታክ አንድ ደረጃ ይቀንሳል፣ ደጋግመህ አትደገፍበት።

ለሌሎቹ እንደዚ አትጨነቅ፣ ሚመታው ላይ 252 አታክ 252 ስፒድ 4 ደግሞ የፈለግክበት፣ ሚቀበለው ላይ 252 ኤችፒና ቀሪውን ዲፌንስ። ቡና እየጠጣህ በጣትህ ምትጨርሰው ነገር ነው።

ግባና ግጠም

ላደሩ ሁሉንም ከ1000 ነጥብ ነው ሚያስጀምረው። ጨዋታው ሲከፈት የተቃራኒህን ስድስቱንም ያሳይሀል፣ እዛ ጋ ቶሎ አትንካ። "ከነዚ ውስጥ ድራጎናይቴን ሚያቆመው የቱ ነው?" ብለህ ጠይቅና ጨዋታውን በሙሉ እሱን ለመጣል ተጫወት፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል። ለምሳሌ ተቃራኒህ ብረት ታይፕ ኮርቪናይት ከያዘ ኤክስትሪም ስፒድ ብረት ላይ ግማሽ ነው ሚመታው፣ ስለዚ መጀመሪያ በሮቶም ኤሌክትሪክ አድክመው።

ስትሸነፍ ሪፕሌዩን ሴቭ አድርገህ ተመልሰህ እይው፣ መጨረሻውን ሳይሆን ጨዋታው የተበላሸበትን ተርን (ዙር) ፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ አምስተኛ ተርን አካባቢ መውጣት ሲገባህ የቆየህባት ቦታ ናት። ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ ቲም ሚቀይር ሰው አለ፣ አትቀይር፣ ቢያንስ ሀያ ጨዋታ ስጠው፣ ከዛ አንድ ፖኬሞን ወይ አንድ ሙቭ ብቻ ቀይርና እንደገና እይ፣ ሶስቱን ባንዴ ከቀየርክ የቱ እንደጠቀመህ አታውቅም።

አንድ የኛ ከተማ ነገር፦ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ዋይፋይ ላይ ከሆንክ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፣ የሾውዳውን ሰዓት ግን አይጠብቅህም፣ ቆጥሮ ሲጨርስ ተሸንፈሀል። ሰማዩ ከጠቆረ ዳታህን ቀድመህ አዘጋጅ ወይ ራንክ ያለውን ትተህ ከጓደኛህ ጋር ተለማመድ። ቲምህ ደግሞ ሚቀመጠው ብሮውዘሩ ላይ ነው፣ ሂስትሪና ዳታ ካጠፋህ ወይ በሰው ኮምፒውተር ከሰራኸው ጠፋ ማለት ነው። ኢምፖርት ኤክስፖርት ሚለውን ስትነካው ስድስቱንም ከነኢቪያቸው እንደ ጽሁፍ ያወጣልሀል፣ ኮፒ አድርገህ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ለጥፈው፣ ሌላ ስልክ ላይ መልሰህ ስትለጥፈው ቲሙ እንዳለ ይመጣል።