አሮጌ የግድግዳ ወረቀት ከመላጣችሁ በፊት

ቁልፍ ተረክባችሁ ገባችሁ። ግድግዳው ግን አበባ አበባ ያለበት፣ ከላይ ቢጫ የሆነ፣ ጥጋጥጉ ላይ የተገነጠለ አሮጌ ወረቀት ለብሷል። እጅ ደግሞ አያርፍም፣ ያቺን የተገነጠለች ጫፍ ይዞ ሳብ ማድረግ ያምረዋል። እባካችሁ አትሳቡ። ቢያንስ ዛሬ አትሳቡ።

ብዙዎቻችን ከወረቀት ግድግዳ ጋር የተዋወቅነው ውጭ ሀገር ከመጣን በኋላ ስለሆነ ከስሩ ምን እንዳለ አናውቅም። እኔም አላውቅም ነበር፣ የመጀመሪያው ክፍል ዋጋ አስከፍሎኛል።

ተከራይ ከሆናችሁ ቅድሚያ አከራዩን ጠይቁ። በቃል «እንደፈለጋችሁ አድርጉት» ቢሏችሁ አይበቃም። አጭር መልእክት ላኩና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ «የሳሎኑን ወረቀት አንስቼ ነጭ ቀለም ብቀባው ይፈቀዳል ወይ?» ብትሉ በቂ ነው። ከዚያ ግድግዳውን በሙሉ ፎቶ አንሱት። አንድ የማውቀው ልጅ በቃል ተፈቅዶለት ሁለት ክፍል ሙሉ በላብ በወዙ አጽድቶ፣ ቤቱን ሲለቅ «ግድግዳ አበላሽተሃል» ተብሎ ከዲፖዚቱ ተቆረጠበት። የሚያሳየው ወረቀት ስላልነበረው መከራከር አልቻለም።

ቀጥሎ ቤቱ መቼ እንደተሠራ እወቁ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በተለይ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ላለበት ቤት። በድሮ ቀለሞች ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ይገባ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ለሕዝብ መሸጡ የቆመው በ1992 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ከወረቀቱ ስር የተቀባው ቀለም ሊድ ሊኖረው ይችላል። ውሃ አርከፍክፎ ቀስ ብሎ ማንሳት አንድ ነገር ነው፣ በደረቁ መፈግፈግና በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ግን አቧራውን ቤት ውስጥ ይበትነዋል፣ እሱ አቧራ ነው ልጆችን የሚጎዳው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ ሊድ የሚያውቀውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት እንዲነግራችሁ ሕጉ እንደሚያስገድደው ልብ በሉ። በአሮጌ ቤት ልስን ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል፣ አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ነገርም ሊኖር ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ሳትነካኩት አስመርምሩት።

አሁን ወደ ግድግዳው። በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶ ባዶ የሚል ድምፅ ከሰጠ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ድፍን ያለና እጅ የሚያምም ከሆነ ልስን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ልስን ውሃ ይችላል። ጂፕሰም ቦርድ ግን ከውስጥ ለስላሳ፣ ከውጭ በራሱ ወረቀት የተሸፈነ ነገር ነው። ያንን ወረቀት ብዙ ውሃ ካጠጣችሁት ወይም በስፓቱላ ከቆፈራችሁት ይነሳል።

እኔን ያጋጠመኝ ይሄው ነው። አበባውን ወረቀት አንስቼ ስጨርስ ከስሩ ቡናማ፣ ፀጉር ፀጉር ያለው ነገር ብቅ አለ። ሁለተኛ ዙር ወረቀት መስሎኝ እልህ ያዘኝና እሱንም መፋቅ ቀጠልኩ። ክንድ የሚያህል ቦታ ካበላሸሁ በኋላ ነው የቦርዱ የራሱ ቆዳ መሆኑ የገባኝ። ቡናማ ካያችሁ በዚያው ሰከንድ አቁሙ። ይደረቅ፣ የተነሳውን ጫፍ በምላጭ ቁረጡት፣ የተቀደደ ጂፕሰም የሚያሽግ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ቀቡት፣ እሱ ሲደርቅ ስቱኮ አልብሱት። ፕራይመሩን ዘላችሁ ስቱኮውን በቀጥታ ካደረጋችሁ ወረቀቱ እርጥበቱን ይጠጣና አረፋ ያወጣል።

ዝግጅቱ ብዙ አይደለም። ዕቃውን ወደ መሃል ሰብስቡ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ዘርጉና ጠርዙን ዞኮሎው ላይ በቴፕ ለጥፉት፣ በላስቲኩ ላይ ከግድግዳው ስር አሮጌ ፎጣ አድርጉ፣ የሚወርደውን ውሃ ይመጠዋል። የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ አጥፉ። ውሃ ልትረጩ ነው፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ አጠገብ ደግሞ ወረቀቱ ከሽፋኑ ስር ይገባል። ስለዚህ ቀን ቀን ሥሩ።

ሙከራውን ከበር ጀርባ፣ ማንም ከማያየው ቦታ ጀምሩ። መጀመሪያ ያለ ውሃ። ጥጉን በስፓቱላ ነቅነቅ አድርጉና ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ግድግዳውን ታክካችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። አንዳንዱ ፕላስቲክነት ያለው ወረቀት ላዩ እንዳለ ይላጥና ስስ ነጭ ወረቀት ትቶ ይሄዳል። ደስ ይበላችሁ፣ ከባዱ አልቋል፣ የቀረው ውሃ በቀላሉ ይጠጣል። ላዩ ካልተላጠ፣ ወይም በላዩ ላይ ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ፣ ውሃው ወደ ውስጥ አይገባም። ያኔ ጥቃቅን ጥርስ ያለው መብሻ ያስፈልጋል፣ ግድግዳው ላይ እያሽከረከራችሁ ወረቀቱን ትበሱታላችሁ። ጂፕሰም ከሆነ እጃችሁን አታክብዱ፣ ቀዳዳው ቦርዱ ላይ ይቀራል።

ውሃውን በተመለከተ ከቧንቧ የሚወጣ ሙቅ ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። አቼቶ የሚጨምሩም አሉ፣ ይሠራል። አቼቶና በረኪናን ግን በፍጹም አትቀላቅሉ፣ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አንድ ሜትር ስፋት ያህል ብቻ ርጩ። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። እንደገና ርጩ። እንደገና ጠብቁ። ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው የሚሠራው፣ ሰው ረጭቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መፋቅ ይጀምራል፣ ወረቀቱ በጥፍር በጥፍር እየተቆራረጠ ይወጣል፣ ትከሻ ይላቀቃል፣ ከዚያ ንዴት ይመጣል፣ ንዴት ሲመጣ ስፓቱላው ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ሙጫውን የሚፈታው ውሃው እንጂ ጉልበታችሁ አይደለም። ወረቀቱ ጠቆር ብሎ ሲያብጥና በጥፍር ስትነኩት እንደ ረጠበ ሶፍት ሲጠቀለል፣ ያኔ ደርሷል። ስፓቱላውን ግድግዳው ላይ አስተኝታችሁ ግፉት። የስፓቱላውን ሹል ጥጎች ቀድማችሁ ብትሞርዷቸው ጭረቱ በጣም ይቀንሳል።

የእንፋሎት ማሽንም አለ። ልስን ላይ ሁለት ሦስት ዙር ወረቀት ተደራርቦ ከሆነ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ጂፕሰም ላይ ግን አንድ ቦታ ላይ አታቆዩት። ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ክንድ ያቃጥላል፣ ረጅም እጅጌና ጓንት ልበሱ።

ወረቀቱ አለቀ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፣ ሙጫው አለ። አይታይም። ግድግዳውን አርጥባችሁ መዳፋችሁን ስታሳርፉበት ሳሙና እንደነካ ከሙለጨለጨ ሙጫ አለው። የስልካችሁን መብራት ከጎን ብታበሩበትም የሚያብለጨልጩ ቦታዎች ይታዩአችኋል። በሙቅ ውሃና በስፖንጅ እጠቡት፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ለውጡ፣ አለበለዚያ ሙጫውን ከዚህ ወደዚያ ማዟዟር ነው። አንድ ወዳጄ ቤት ይሄ ተዘሎ፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግድግዳው ፀሐይ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ሁሉም ተፍቆ እንደ አዲስ ተሠራ።

ከታጠበ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ መስኮት ከፍታችሁ አድርቁት። ከዚያ ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑ፣ አለስልሱ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ፕራይመር ቀቡ፣ ከዚያ ቀለሙን በሩሎ።

ወረቀቱ ሲነሳ ከጀርባው ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ሻጋታ ነው። በቀለም አትሸፍኑት፣ ተመልሶ ይመጣል። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ፤ ከመስኮት ጠርዝ፣ ከቧንቧ፣ ከግድግዳው ማዶ ካለ መታጠቢያ ቤት ሊሆን ይችላል። ተከራይ ከሆናችሁ ሥራውን እዚያው አቁሙና ፎቶ አንስታችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ማስክ ሳታደርጉ አትነካኩት።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ብታደርጉ የማይነሳ ያጋጥማል። ቦርዱ ፕራይመር ሳይቀባ ወረቀቱ በቀጥታ ተለጥፎበት ከሆነ ሁለቱ አንድ አካል ሆነዋል፣ አንዱን ስትስቡ ሌላው አብሮ ይመጣል። እንደዚህ ከሆነ ከበር ጀርባ በሞከራችሁት ቦታ ላይ ታውቁታላችሁ፣ ክፍሉን በሙሉ ከማቁሰል ተዉት። የተገነጠለውን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ፣ በዘይት መሠረት የተሠራ ፕራይመር በወረቀቱ ላይ ቀቡ፣ መገጣጠሚያዎቹን በስቱኮ አስተካክሉና ከዚያ ቀለሙን ቀቡ። ፕራይመሩ የግድ ነው፤ በውሃ የሚበጠበጠውን ቀለም በቀጥታ ከቀባችሁበት ወረቀቱ በማግስቱ አብጦ ታገኙታላችሁ።