ለመንጠቆ ምንጣፍ የሚሆን ሱፍ በሽንኩርት ልጣጭ ማቅለም

የመንጠቆ ምንጣፍ በካናዳ የአትላንቲክ ጠረፍ አውራጃዎችና በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ሙያ ሲሆን፣ በስሱ የተቆረጠ የሱፍ ጨርቅ በጆንያ ቀዳዳዎች በኩል ከሥር ወደ ላይ እየተሳበ ቀለበት በመሥራት ይሞላል። ቋጠሮ ስለሌለው የምንጣፉ ውበት በአብዛኛው የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው።

ለ100 ግራም ደረቅ ሱፍ 10 ግራም ያህል አሉም የተባለውን ነጭ ጨው በሙቅ ውኃ ያሟሙ። ታጥቦ የረጠበውን ሱፍ በለብታው ውኃ ውስጥ ይንከሩና ቀስ በቀስ እያሞቁ ሊፈላ ሲቃረብ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት። ከሱፉ ክብደት ጋር እኩል የሆነ የሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ ለብቻው ቀቅለው ያጥልሉ፤ ሱፉንም በዚህ ውኃ ውስጥ ሳያፈሉ ሌላ አንድ ሰዓት ያህል ያሙቁት። ከወርቃማ ቢጫ እስከ ብርቱካናማ ያለ ቀለም ይሰጣል።

ሱፍ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥና እሽት ሲገጥመው ይኮማተራልና ከማጠብዎ በፊት በድስቱ ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ድስቱም ዳግመኛ ለምግብ መዋል የለበትም።

ብዙ ጀማሪዎች ቀለሙ ሳይስተካከል ሲቀር ያዝናሉ፤ እኔ ግን ለሰማይና ለሣር የምመርጠው እንዲህ ያለውን ዥንጉርጉር ሱፍ ነው። ተማሪ ሲያስተምሩም ቀለበቱን በስሱ ከተቆረጠው የሱፍ ጨርቅ ስፋት ጋር በሚመጣጠን ከፍታ መሳብን በዚሁ ሱፍ ያለማምዱት፤ የከፍታ ጉድለቱ ብዙም አይታይበትም።